የጓሮ መኪናና የጓዳ ጠላ

የአገራችን ጋዜጠኛ ዜና ሲጠፋበት የሚሸሽበት አንድ ዜና አለ። በአንድ የክፍለ ሀገር ከተማ አንድ ወጣት ከወዳደቁ ዕቃዎች መኪና ሠራ። ሞተሩ የባጃጅ ወይም የሞተር ብስክሌት ነው፤ አካሉ ከቆርቆሮና ከውሃ ቧንቧ የተበየደ ነው፤ መቀመጫው ከሳሎን ወንበር ተነቅሎ የመጣ ነው። ካሜራ ይመጣል። ወጣቱ በግቢው አንድ ዙር ይዞራል፤ የሰፈር ልጆች እየጮሁ ይከተሉታል። ዘጋቢው «ያለ ምንም አስተማሪ» ይላል፤ ወጣቱ «ድጋፍ ቢደረግልኝ» ይላል፤ አንድ የጽሕፈት ቤት ኃላፊ «እንዲህ ያሉ ወጣቶች ሊበረታቱ ይገባል» ይላል። አለቀ። የጋዜጠኝነት ዲፕሎማ የያዝኩ ሰው ነኝና ይህን ዜና ዓይኔን ጨፍኜ ልጽፈው እችላለሁ፤ የወጣቱንና የከተማውን ስም ብቻ ንገሩኝ።

ለመሆኑ በዚህ ዜና ውስጥ የሌለው ምንድን ነው? ፍሬኑ ይይዛል ወይ ብሎ የጠየቀ ሰው የለም። ሰው ጭኖ ዳገት ይወጣል ወይ? መሪው ሲጠመዘዝ ጎማው ከአካሉ ጋር ይፋተጋል ወይስ አይፋተግም? ከዓመት በኋላስ የት ደረሰ? አንድ የግጥም መድበል ሲታተም ቢያንስ ሁለት ሰው ተነሥቶ «ቤት አይመታም» ይላል። የብረቱ ሥራ ግን ጭብጨባ እንጂ ሂስ አይደርሰውም።

ሌላም የሌለ ነገር አለ። ካሜራው ጓሮውን ቀርጾ ሲወጣ ጓዳውን አልፎ ነው የሚወጣው። እዚያ ጓዳ ውስጥ፣ ምናልባት በዚያው ሳምንት፣ የወጣቱ እናት ብቅል አብቅላ፣ አሻሮ ቆልታ፣ ጋን አጥና ጠላ ጠንስሳ ይሆናል። ሁለቱም በቤት ውስጥ፣ በገዛ እጅ፣ ያለ ፋብሪካ የተሠሩ ናቸው። አንደኛው «ፈጠራ» ተባለ። ሁለተኛው የተለየ ስም አልተሰጠውም፤ የቤት ሥራ ነው፤ የሴት ሥራ። እኔ ደግሞ የሁለቱን ሥራ ጎን ለጎን አስቀምጬ፣ መጽሐፍ እንደሚመዘን መመዘን ይቻል እንደሆነ ማየት ፈለግሁ።

በቅድሚያ ቃላቱን እንያቸው። «ሙያ» የሚለውን ውሰዱ። በመሥሪያ ቤት በር ላይ «ባለሙያ» ተብሎ ሲጻፍ የተማረ፣ ደመወዝተኛ ሰው ማለት ነው። በሰፈር ውስጥ «ባለሙያ ናት» ሲባል ግን ወጧና ጠላዋ የሚወደድላት ሴት ማለት ነው። ቃሉ አንድ ነው፤ ደመወዙ ለየቅል ነው። ፈረንጆች «ሆቢ» የሚሉትን ደግሞ እኛ «የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ» ብለን ተርጉመነዋል። ከትርጉሙ ጋር ጠብ የለኝም፤ ጠቤ «ትርፍ» ከምትለው ጋር ነው። በሐዲያ ምድር፣ ሀቢቾን በመሰለ ስፍራ፣ እንሰት ፍቃ፣ ውሃ ቀድታ፣ ገበያ ደርሳ የተመለሰች ሴት ትርፍ ጊዜዋ የቱ ነው? ልጇ ብረት ሲበይድ የሚያመሸው እርሷ ራቱን ስላቀረበችለት ነው። ይህን የምለው ወጣቱን ለመክሰስ አይደለም። ነገር ግን በአንድ ግቢ ውስጥ የአንዱ ሰዓት ትርፍ የሚሆነው የሌላው ሰዓት ሲጎድል መሆኑን ዜናው አይነግረንም።

ባሕር ማዶ ሁለቱ ነገሮች የተገናኙት በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በመኪና ማደሪያ ቤት ውስጥ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የካሊፎርኒያ ወጣቶች አሮጌ ፎርዶችን እየገዙ፣ ጣሪያቸውን ቆርጠው እያሳጠሩ፣ ሞተራቸውን እየለወጡ፣ በቀለም ላይ ቀለም እየደራረቡ የራሳቸውን መኪና መሥራት ጀመሩ። በ1963 እ.ኤ.አ. ቶም ዎልፍ የተባለው ጋዜጠኛ «ኤስኳየር» በተባለው መጽሔት ላይ ስለእነርሱ ጻፈ። ሰዎቹን እንደ ጎበዝ ጋራዥተኛ ሳይሆን እንደ ቀራጺ ቆጠራቸው፤ የመኪናቸውን መስመር የሥነ ሥዕል ሂስ በሚጻፍበት ቁም ነገር መረመረው። የቶም ዎልፍ ወግ አንዳንዴ እንደ ቀለሙ ይበዛብኛል፤ ግን አንድ ነገር አደረገ። ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ ሥራ የሚመዘን ሥራ መሆኑን አሳየ።

የቢራውም ታሪክ ከዚያ አይርቅም። እንግሊዝ ለቤት ጠማቂ የምትጠይቀውን ፈቃድ ያነሣችው በዚያው በ1963 ነው። በአሜሪካ ፕሬዚዳንት ካርተር ሕጉን የፈረሙት በጥቅምት 1978 ነበር፤ ሁለት አዋቂዎች ያሉበት ቤት በዓመት እስከ 200 ጋሎን፣ ማለትም 750 ሊትር ገደማ፣ ያለ ግብር እንዲጠምቅ ተፈቀደለት። ከዚያ በኋላ ማኅበሩ፣ መጽሐፉ፣ ውድድሩ ተከታተለ። በ1985 ደግሞ የቢራ ዳኞችን የሚፈትንና የሚያስመሰክር ድርጅት ቆመ። ዳኛው መዓዛውን፣ መልኩን፣ ጣዕሙን ለየብቻ ነጥብ ይሰጣል፤ ለምን እንደቀነሰም ይጽፋል። አሜሪካዊው በፕሬዚዳንት ፊርማ ያገኘውን ነገር የእኛ እናቶች ማንንም ሳያስፈቅዱ ሲያደርጉት የኖሩ መሆናቸው ያስቀናል። የሚያስቀናኝ ሌላው ደግሞ ያ የነጥብ ወረቀት ነው።

እርግጥ እኛም ወረቀቱ ነው የሌለን እንጂ ዳኝነቱ አለን። ጠላ ቤት የገባ ሰው ይህን ያውቃል። ግን ዳኝነቱን ለመረዳት ሥራውን ማወቅ ያስፈልጋል። ገብሱ ይነከራል፤ በቅጠል ተሸፍኖ እስኪያቆጠቁጥ ይጠበቃል፤ ደርቆ ይፈጫል። በቡቃያው ውስጥ የሚፈጠረው ኢንዛይም የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር የሚለውጠው ነው፤ ብቅሉ ሰነፍ ከሆነ ጌሾ ቢቆለል ዋጋ የለውም። ጌሾው ምሬቱንና ሽታውን ይሰጣል፤ ጠላውንም ከመበላሸት ያቆየዋል። ጋኑ በግራዋ ታሽቶ ይታጠባል፤ ከዚያ በወይራ ይታጠናል። ጥንስሱ ውሎ አድሮ ሲነሣ አንዱ አገር አሻሮ፣ አንዱ እንኩሮ፣ አንዱ ቂጣ ይጨምርበታል፤ ድፍድፍ ይሆናል፤ ውሃ ይሞላና አፉ ይከደናል። ስንት ቀን? ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነችው ሆሳዕና የሚፈጀው ቀን ቆላ ላይ ከሚፈጀው ይበልጣል። ቴርሞሜትር የለም፤ ጠማቂዋ እጇን በጋኑ ሆድ ላይ አሳርፋ፣ ጆሮዋን አስጠግታ ትወስናለች።

ከዚያ ጠጪው ይመጣል። «ጌሾ በዝቶበታል»፤ «ጢሱ ገዝቶታል»፤ «ገና ጉሽ ነው»፤ «ሆምጥጧል»፤ «ይሄማ ቅራሪ ነው»። እያንዳንዱ ቃል የት ቦታ ላይ ስሕተት እንደተሠራ ይጠቁማል። ጢሱ ገዝቶታል ማለት ጋኑ ከሚገባው በላይ ታጥኗል ማለት ነው፤ ቅራሪ ነው ማለት ድፍድፉ ላይ ውሃ ተደጋግሟል ማለት ነው። ጠማቂዋም ነገ ታርማለች፤ ካላረመች ደንበኛው ወደሚቀጥለው ቤት ይሄዳል። በዚህ አገር ከዚህ የበለጠ ቀጥተኛ ሂስ የሚቀበል ጥበብ አላውቅም። ደራሲዎቻችን ቢያንስ አኩርፈው ይቀመጣሉ።

በደቡቡና በምዕራቡ አገር የሚጠመቀው ቦርዴ ደግሞ ከጠላም የባሰ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ጌሾ የለውም፤ ስለዚህ የሚያቆየው ነገር የለም። በቆሎው፣ ማሽላው ወይም ገብሱ በአራት ደረጃ፣ ቀናት እየወሰደ ይብላላል፤ ከፊሉ ይታመሳል፣ ከፊሉ ይጋገራል ወይም በእንፋሎት ይበስላል፤ ብቅል እየተጨመረ መልሶ ይቀላቀላል። በመጨረሻ የሚገኘው ወፍራም፣ እየፈላ ያለ፣ ምግብም መጠጥም የሆነ ነገር ነው። የሚጠጣው በዚያው በደረሰበት ቀን ነው፤ ካደረ ይኮመጥጣል። አስቡት እንግዲህ፤ ሰኞ የጀመረችውን ሥራ ለገበያው ቀን፣ ለዚያውም ለእኩለ ቀኑ ሰዓት ማድረስ አለባት። ቀድማ ብትደርስ ጥሬ ነው፤ ብትዘገይ የሚፈልገው የለም። የጓሮ መኪናው ወጣት ሥራውን በዚህ ዓይነት ቀነ ገደብ አይሠራም።

አሁን ወደ መኪናው። የእኛ አገር የመኪና ሥራ በሽቦ ይጀምራል። ሽቦ ጠምዝዞ፣ ከቆርኪ ወይም ከጫማ ሶል ጎማ ቆርጦ፣ ረጅም መሪ ሰክቶ ያልነዳ ወንድ ልጅ ጥቂት ነው። ቀጥሎ ኩሽኔታው ይመጣል፤ ከጋራዥ የተጣለ ኩሽኔታ ተለምኖ በጣውላ ላይ ይታሰርና ቁልቁለት ይለቀቃል። (ፍሬኑ የጫማ ተረከዝ ነው። እናት ስለ ጫማው የምትሰነዝረው ቃል ለመኪናው የተሰጠ የመጀመሪያው ሂስ መሆኑ ነው።) ካደጉ በኋላ ጋሪው አለ፤ የክፍለ ሀገር ከተሞች የፈረስ ጋሪ ከአሮጌ መኪና በተፈታ አክስልና ጎማ ላይ የሚቆም ሥራ ነው። ፒካፕን ቆርጠው፣ አግዳሚ መቀመጫዎችን ፊት ለፊት አድርገው፣ ጣሪያ ደፍተው የሠሩትን ታክሲ ሕዝቡ «ውይይት» አለው። በአይሱዙ ሻንሲ ላይ እዚሁ በባትላሜራ መዶሻ የተሠራውን አውቶቡስ ደግሞ «ቅጥቅጥ» አለው።

ከስሞቹ በላይ ምን ሂስ አለ? ቅጥቅጥ የሚለው ስም አካሉ እንዴት እንደተሠራ ይነግርሃል፤ ኮረኮንች ላይ ስትሄድበት ደግሞ የአንተ አካል ምን እንደሚሆን ይነግርሃል። ተሳፋሪው ሁልጊዜ ገምጋሚ ነው። ጉልበቱ ከፊት ካለው ወንበር ጋር የሚጋጭበት ሰው ባትላሜራውን በስሙ ባያውቀውም ሥራውን ያውቀዋል፤ ባለ ጋራዡም ያውቅና ለሚቀጥለው አውቶቡስ ወንበሩን ያርቃል ወይም፣ እውነቱን እንናገርና፣ ትርፍ ሰው ለመጫን ያቀራርባል። ሂሱ ሁልጊዜ ይሰማል ማለቴ አይደለም። ግን አለ።

ቮልሷ ብቻዋን አንድ ምዕራፍ ናት። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው፤ ራዲያተር ስለሌላት ዳገት ላይ ውሃ አትጠይቅም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በእርሷ ነው፤ የዘውድ አገዛዝ የመጨረሻ ሠረገላ እርሷ ሆነች። ፋብሪካው በ2003 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ላይ የመጨረሻዋን ሠርቶ ምርቷን ዘግቷል፤ አዲስ አበባ ግን አልዘጋችም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ አውቶሞቢል እንዳይገባ ተከለከለ። አሮጌ መኪና ያለው ሰው እንደ ርስት ይይዘዋል። እንግዲህ ወጣቶቹ ቮልሷን ይፈታሉ፤ ስቱኮ ይለጥፋሉ፤ ዝቅ ያደርጋሉ፤ ሰፊ ጎማ ይገጥማሉ፤ ጣሪያዋን የሚቆርጡም አሉ።

የእኔን ፍርድ ከፈለጋችሁ፣ ቀለም ቀቢው ቀላሉን መንገድ የመረጠ ነው። በሩ ላይ የእሳት ነበልባል የተሣለባት ቮልስ የሌላ አገር ፊልም ግልባጭ ናት፤ ጥለት የተሣለባትም ብትሆን ያው ከሱቅ የተገዛ ጌጥ ነው። እኔን የሚገርመኝ ከገበያ የጠፋውን ዕቃ ቀርጾ የሚተካው ሰው ነው፤ ከሌላ መኪና የተፈታ ካርቡራተር አምጥቶ፣ መግጠሚያውን ራሱ አበጅቶ፣ ሞተሩ ጠዋት በአንድ ቁልፍ እንዲነሣ የሚያደርገው። ያ ሥራ ፎቶግራፍ ላይ አይታይም። የሚሰማ ነው፤ ለዚያውም ለሚያውቅ ጆሮ። ጋኑ ላይ ጆሮዋን ከምታስጠጋው ሴት ጋር ዝምድና ያለው እርሱ ነው።

ከባዶ የሚሠራው የጓሮ መኪና ግን ሌላ ችግር አለበት። በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪ መንገድ ላይ የሚወጣው ተመርምሮና ተመዝግቦ ነው። ታርጋ የሌለው መኪና ከበሩ አይወጣም። ወጣቶቹ በዚህ ያማርራሉ፤ ዜናውም ያማርርላቸዋል። እኔ በከፊል ብቻ እስማማለሁ። ምርመራው ለፋብሪካ መኪና የተሰፋ ልብስ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ቦሎ ማለት አንድ ባለሙያ ጎንበስ ብሎ ፍሬኑን አየልህ ማለት ነው፤ ለጓሮ ሥራ የሚያስፈልገውም ይኸው ነው። በ2007 ዓ.ም. አስመላሽ ዘፈሩ የተባለ፣ በሕዝብ ጤና የተመረቀ ሰው የቮልስ ሞተር የገጠመላት ትንሽ አውሮፕላን ሠርቶ ለማብረር መሞከሩ በዓለም ዜና ሆኖ ነበር። የመጀመሪያው ሙከራ አልተሳካም። ያነበብኳቸው ዘገባዎች ስለ ሕልሙ ብዙ ጽፈዋል፤ ስለ ክብደቷና ስለ ሞተሩ ጉልበት ግን በአንድ መስመር አልፈዋል። ለሠሪው ከሕልሙ ይልቅ የሚጠቅመው ያ አንድ መስመር ነበር።

ሆሳዕናና አካባቢዋ ወደ ጓዳው የሚመልሰን ሌላ ምክንያት አላቸው። ከ1920ዎቹ ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ ሚሲዮናውያን ወደዚህ አገር ገብተዋል፤ ዛሬ ሐዲያና ከምባታ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ከበረቱባቸው ስፍራዎች መካከል ናቸው። አማኙ የሚያሰክር አይጠጣም። ስለዚህ በብዙ ቤት ጋኑ አረፈ። ጠላ ጠማቂ የነበረች ሴት ሃይማኖቷን ስትለውጥ ከመጠጡ ጋር እጇ የሚያውቀውን ሁሉ ልትተው ነው ማለት ነው? በተግባር የሆነው እንዲህ አይደለም። ገብሱን እስኪጠቁር ቆላችው፤ አፈላችው፤ አቀዘቀዘችውና አጠለለችው፤ ስኳርና ጥቂት እርሾ ጨምራ አሳደረችው። ቃሪቦ ሆነ። በሙስሊሙም ቤት፣ በወንጌላዊውም ቤት፣ በሠርግም በበዓልም የሚቀርብ፣ መልኩ እንደ ጠላ የጠቆረ፣ አረፋ ያለው፣ የማያሰክር መጠጥ።

ይህን ልብ በሉልኝ። አሻሮ መቁላት የምታውቅ እጅ የአሻሮን ጣዕም ይዛ አልኮሉን ቀነሰችው። የቢራ ፋብሪካዎች ላቦራቶሪ ውስጥ ብዙ ገንዘብ የሚያፈሱበት ጉዳይ ነው። ሄኒከን በ2011 እ.ኤ.አ. በደሌንና ሐረርን ሲገዛ፣ ዲያጆ በዓመቱ ሜታን ሲገዛ ጋዜጦቻችን ለሳምንታት ጽፈዋል። ቃሪቦን ማን ቀድሞ ጠነሰሰው ብሎ የጠየቀ ግን አላጋጠመኝም። ቃሪቦም ቢሆን ያለ ሂስ ይለፍ አልልም፤ በየድግሱ የሚቀርበው አብዛኛው ስኳሩ ይበዛል። ለስላሳ መጠጥ የለመደውን ምላስ ለማባበል ብለው ጠዋት ከማቅረባቸው በፊት ስኳር ይደግሙበታል፤ የተቆላው ገብስ ምሬት ከሥሩ ይሰወራል። አንድ ማንኪያ ቢቀንሱለት የተሻለ መጠጥ ነው።

ጋኑን የሠራውስ? በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ ገባ፤ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ለዳግማዊ ምኒልክ ያመጣው ነው። በዚያው በ1900 ዓ.ም. ንጉሡ ሠራተኛውን፣ ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ አስነገሩ። መኪናው ተራባ፤ አዋጁ ግን ያን ያህል አልሄደም። በከምባታና በሐዲያ «ፉጋ» እየተባሉ የተገፉት ሸክላ ሠሪዎች ጋኑን፣ ማሰሮውን፣ ምጣዱን ለአገሩ ሁሉ ሠርተው እነርሱ ግን በሌላው ሰው ዋንጫ እንዳይጠጡ ተደርገው ኖረዋል። ለብረት በያጁ ልጅ ዛሬ ካሜራ ይመጣለታል፤ ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፤ አያቱ ቢያዩ አያምኑም ነበር። ለሸክላ ሠሪዋ ግን ካሜራው የሚመጣው የባህል ቀን ሲከበር ብቻ ነው፤ ለዚያውም ሥራዋን እንጂ ስሟን አይጠይቃትም።

ስለ ወጣቱ አንድ ነገር ልጨምር። ሐዲያ ልጆቿን ወደ ደቡብ አፍሪካ የምትልክ አገር መሆኗ የታወቀ ነው፤ ብየዳ የሚችለው ልጅ እዚያ ሄዶ ሱቅ ውስጥ ይቆማል። መኪናው ጓሮ ውስጥ ሸራ ለብሶ ይቀራል፤ ዶሮ ይጠለልበታል። ከመሄዱ በፊት አንድ ሰው «ይህን ነገር ለምን ሠራኸው? ማን ይቀመጥበታል?» ብሎ ቢጠይቀው ምን ይመልስ እንደነበር አስባለሁ። እናቱ በጀርባዋ ሃያ ሊትር ጀሪካን ተሸክማ በጓሮው ታልፋለች። ያው ብየዳ፣ ያው ኩሽኔታ፣ ያው ጎማ የውሃ ጋሪ ይሆን ነበር፤ እርሷም በማግሥቱ «እጀታው አጠረ» ትለው ነበር፤ እርሱም ያስረዝመው ነበር። ለዜና አይሆንም፤ አውቃለሁ።

በገበያ ላይ ጋን እየቀነሰ ነው። የሸክላው ዋጋ ከፕላስቲክ በርሜል አይወደድም፤ ግን ይሰበራል፤ ባጃጅ ላይ ለመጫንም አይመችም። ሆሳዕና ላይ ያነጋገርኳቸው አንዲት እናት በርሜሉን የሚነቅፉት በአንድ ነገር ብቻ ነው። ወይራ አይቀበልም፤ ጢሱ ላዩ ላይ ያልፋል እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም አሉኝ። እርሳቸው የሰርክ ሥራቸውን አሁን በበርሜል ያደርጋሉ። ለመስቀል ብለው ያስቀመጧት አንዲት አሮጌ ጋን ግን አለቻቸው። አፏ ተሸርፏል። ለጎረቤትም አያውሷትም።